አቡጄዲ መጋረጃ

በሰው አገር፣ ካርቲየ አንድ በሚባል ሰፈር ያለችው ቤቴ አንዲት ክፍልና ቂጥ የማታዞር ኩሽና ናት። ስከራያት ግድግዳዋ ሐምራዊ ነበር። ወለሉ ላይ ቀይ መጅሊስ፣ ማለትም ዙሪያውን የሚነጠፍ ፍራሽና ትራስ፣ መስኮቱ ላይ ወርቃማ መጋረጃ፣ ጥግ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ወንድሜ በጀልባ ወደ የመን ከመሻገሩ በፊት እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር፤ የሚተኛው እዚያ መጅሊስ ላይ ነው። ከኦቦክ ወደብ ልንሳፈር ነው ብሎ ከደወለልኝ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

ድሬዳዋ ላለችው እናቴ «ስልኩ ጠፍቶበት ነው፣ ሳውዲ ሲገባ ይደውላል» እላታለሁ። እሷም «እሺ» ትለኛለች። ዓመት አልፎም እኔ ያንኑ እላለሁ፣ እሷም ያንኑ ትመልሳለች።

መጅሊሱን ባየሁት ቁጥር እሱ ተኝቶበት ይታየኛል። አንድ ቀን ግን በቃ አልኩ። ይህን ቤት እለውጠዋለሁ፣ እማዬን አመጣታለሁ፣ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ብቻዋን ተቀምጣ ስልክ ስትጠብቅ ልትሞትብኝ ነው እንዴ?

ሐሳቡ የመጣው ከስልኬ ነው። የስካንዲኔቪያ ቤቶችን የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ሁሉም ነገር ነጭ፣ እንጨቱ ቀለም ያልነካው፣ ግድግዳው ባዶ። ዕቃ ማነስ አለበት ይላሉ። ዕቃ ማነሱስ ችግር የለውም፣ ከድሮም የለኝም! ወንበር ላይ አጎዛ ጣል ያደርጋሉ፣ ሻማ ይደረድራሉ። አቦ፣ እኛ ያለነው እኮ ሻማ ሳይለኮስ የሚቀልጥበት አገር ነው! እነሱ ብርሃን ቸግሯቸው ቤታቸውን ነጭ ያደርጋሉ፤ ቀኑን ሙሉ ጥላ ስፈልግ የምውል ሴትዮ ምን ጥልቅ እንዳደረገኝ እንጃ። ግን ወደድኩት። ምንም ነገር ያልደረሰበት ሰው ቤት ይመስላል።

የምተዳደረው የሰው ቤት በማጽዳት ነው፤ በእኔ ደመወዝ ስካንዲኔቪያ አይታሰብም። ስለዚህ ከወደብ የሚወጣውን ፓሌት፣ ያንን ዕቃ የሚጫንበትን ጣውላ፣ በጋሪ አስመጣሁ። አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ የምትወጣ። ያቺን የዕረፍት ቀኗን ለእኔ ጣውላ ሰዋችልኝ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ፈግፍገን አልጋና መደርደሪያ፣ ከዚያም ሁለት ወንበር አወጣንለት። «ይሄን የኔ እናት ብታየው ማገዶ ታደርገው ነበር» እያለች ትስቅብኛለች።

መጋረጃው ነው ያናደደኝ። ቪዲዮው ላይ ያለው የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ ማዕከላዊ ገበያ ዋጋውን ጠይቄ በመጣሁበት ተመለስኩ። አቡጄዲ ምን አለው ብዬ አማርኛ የሚችል የሐረር ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ጨርቁን እየለካ ሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አላህ ይዘንለት እህቴ። ወንድ ነው ሴት?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ለከፈን፣ ለመግነዣ አይደለም እንዴ?»

«ምላስህን ይቁረጠው! መጋረጃ ነው፣ መጋረጃ!» ብዬ ጮህኩበት። ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ክንድ ያህል ጨርቅም መረቀልኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን እየተነጫነጭኩ ሄድኩ።

ግድግዳውን ነጭ ቀባነው። መጅሊሱን ሸጥኩት። ሥዕሉንም ፎቶውንም ሁሉ አወረድኩ፣ ወንድሜ ሲመረቅ የተነሳውን ትልቁን ፎቶ ጭምር። ቴሌቪዥኑን ሽቦው ቤቱን ያበላሸዋል ብዬ ለጎረቤቴ ለሶማሌዋ ሰጠኋት። ሲያልቅ በሩ ላይ ቆሜ አየሁትና ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለእማዬ ደወልኩላት። «ነይ ብቻ» አልኳት።

«ምነው? ምን ተገኘ?»

«በስልክ አይሆንም። ስትመጪ ታውቂዋለሽ።»

«እሺ» አለች። ላስደስታት እንደሆነ የገባት መስሎኝ ነበር፣ እኔ ጅሏ።

ናጋድ ባቡር ጣቢያ ስቀበላት ከስታለች። ታክሲ ውስጥ ያመጣሁላትን ሳምቡሳ አልነካችውም። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። መንገዱ ደክሟት ነው አልኩ።

ጓደኛዬና ጎረቤቴ ምግብ አሰናድተው ይጠብቁናል። ስንገባ ሁለቱም ብድግ አሉ፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ሌላ ምን ይደረጋል? እማዬ በሩ ላይ ቆመች። ግድግዳውን አየች፤ በቪዲዮ ስንደዋወል የልጇን ፎቶ የምታይበት ቦታ ባዶ ነው። አቡጄዲውን አየች። ዕቃው የወጣ ቤት፣ ቆመው የሚጠብቁ ሴቶች፣ በስልክ አይሆንም የተባለ ወሬ። እኛ አገር ይሄ ሁሉ መርዶ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

«ለዚህ ነው የጠራሽኝ?» አለች። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። «ልጄን! ኧረ ልጄን!»

«ኧረ እማዬ! ምንም የለም! ስታይል ነው!» አልኩ። ስታይል! አፌን በቆረጠው።

ጓደኛዬ እጇን ያዘቻት። «እማማ፣ መርዶ አይደለም። ቤቱን ለእርስዎ ብላ ነው ያሳመረችው።»

እማዬ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «አለ?»

«አለ እንጂ!»

«ማርያምን በይኝ።»

እኔ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ማርያምን የምል ሴት ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። እንደገና ሞከርኩ። ጎረቤቴ አማርኛ አትሰማም፤ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ማርያምን በይ እንጂ፣ ልጄ» አለች እማዬ፣ እንደ ልመና።

አላልኩም።

ከዚያ በኋላ አልጮኸችም። «ወንበሩን አውጡልኝ፣ ሰው ይመጣል» አለች ቀስ ብላ። ጓደኛዬ ላውጣው ወይ ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት።

ያረዳን ሰው የለም። ሬሳ ያየ፣ ደብዳቤ ያመጣ፣ ስልክ የደወለ የለም። እኔ ግን እማዬ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ አለቀስኩ። ሰው በሕይወት ያለ ወንድሙን እንደዚያ ብሎ አይጠራም።