አላየኋትም ያልኋት ድስት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሦስት ጊዜ ልናገር ሄጄ፣ ሦስት ጊዜም ሌላ ትንሽ ኃጢአት አቅርቤ ተመልሻለሁ። ለእርስዎ ለአንባቢዬ የምናገረው ፊትዎን ስለማላይ ይሆን?

መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ አነስተኛ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የቅየሳ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ በዓይናቸው ያላዩትን፣ በመሣሪያ ያልለኩትን እንዳይመዘግቡ አስተምራለሁ። እኔ ግን ያየሁትን አላየሁም አልሁ።

ተማሪዬን ትዕግሥትን አባቷ አቶ ደምሴ ከደጎሎ አካባቢ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲያመጧት እናቴ የአገራቸው ሰው መሆኗን ሰሙ። እጄን ይዘው፣ «መምህርት፣ ከእግዜር ቀጥሎ ለእርስዎ ነው የሰጠኋት፤ አደራ» አሉኝ። ተቀበልሁ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ እየመጣች አብረን ምሳ እንበላ ነበር። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ ያቺን እሑድ እንዴት እንደምጠብቃት ለማንም አልነገርሁም።

በሁለተኛው ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። ትዕግሥት መምጣቷን ተወች። ልፈልጋት ወጣሁና ጓደኛዋ ሰዓዳ ከግቢ ውጭ በተከራየቻት ክፍል አገኘኋት። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ትዕግሥት ከጓደኛዋ ጋር ለመብላት ስትል የራሷን ጾም እስከ ማፍጠሪያው ሰዓት አቆይታለች። ከሰዓዳ ዕቃ ተለይታ በተቀመጠች አንዲት አዲስ ድስት የጾም ሽሮ ይሠራል።

«ቲቸር፣ ይቺ ልጅ እኮ ማንኪያዬን እንኳ አታምንም!» አለች ሰዓዳ። «ሥጋ ያልነካት ድስት ገዛሁላት። ስትመረቅ ሽልማቷ ይቺው ናት!»

«አንቺ ደግሞ፣ አዛን ሳይል ምላስሽ አፈጠረ» አለቻት ትዕግሥት።

ሁለቱም ፍርስ ብለው ሳቁ። አብሬያቸው እንድቀመጥ ለመኑኝ። በልቻለሁ ብዬ ወጣሁ። አልበላሁም ነበር።

በማግሥቱ ለአባቷ ደወልሁ። ለምን ደወልሁ? ለራሴ «አደራዬን ለመወጣት» አልሁ። ቀንቼ ነው። «ልጅዎ ማታ ማታ ከሙስሊም ጓደኛዋ ቤት ነው የምትበላው» አልኋቸው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሐሰት የለም፤ ቃላቱን መርጬ ነው የደረደርሁት። በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ደስታንም ኀዘንንም ተካፍሎ ሲኖር የማይካፈለው ሥጋ ብቻ እንደሆነ፣ የሌላውን ሥጋ የበላም ሃይማኖቱን እንደለወጠ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ምን እንደምትበላ ሲጠይቁኝ፣ «እሱን አላየሁም» አልሁ።

በሦስተኛው ቀን ሊወስዷት መጡ። በግቢው በር ላይ ትዕግሥት ማተቧን ጨብጣ እያለቀሰች፣ «አባዬ፣ የጾም ድስት አለኝ! ቲቸር አይተዋል፣ ይጠይቋቸው!» አለች።

አቶ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። አይቻለሁ እንድላቸው ዓይናቸው ይለምነኝ ነበር።

«እውነት ነው መምህርት? አይተዋል?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያን ቃል ብናገር ግን በስልክ መዋሸቴ ይገለጥ ነበር።

«አላየሁም» አልሁ።

ትዕግሥት ማልቀሷን አቆመች። አየችኝ። ከዚያ ብርድ ልብሷን አንሥታ አባቷን ተከተለች።

ከፋሲካ በኋላ እውነቱን ልናገር ደወልሁ። አቶ ደምሴ አላስጀመሩኝም፤ «በእርስዎ ልጄ ተረፈች! እሑድ ሠርጓ ነው፤ እንዳይቀሩብን» አሉ። ከበስተጀርባቸው ሴቶች እልል ይላሉ። እኔ ምን አልሁ? «እንኳን ደስ አለዎት» አልሁ።

ሰዓዳ የተመረቀች ዕለት ድስቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች። «ቲቸር፣ እኔ ነኝ ያጠፋኋት። ቤቴ ባልጠራት ኖሮ…» ብላ አለቀሰች፤ ትዕግሥት አንድ ቀን ከተመለሰች እንድሰጣት ድስቷን ትታልኝ ሄደች። አጽናናኋት። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኋት። የማን እንደሆነ ግን አልነገርኋትም።

ድስቷ ዛሬም ከማእድ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ናት። አንድ ጊዜ ደጎሎ ድረስ ይዣት ሄጄ ከመናኸሪያው ሳልወጣ ተመልሻለሁ። ቀንቼ ነው፣ ፈርቼ ነው ማለት እችላለሁ፤ ይህ ግን ምክንያት ነው እንጂ ከበደሌ አያነጻኝም። ይቅርታውንም ከእርስዎ አልለምንም፤ የሚሰጠው ሌላ ነውና።

አይቻታለሁ። አዲስ ነበረች፤ ሽሮው ይንተከተክባት ነበር።