የወረቀት ሠርግ ሚዜ

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ እህቴ "ይህን ሳታዪ እንዳትሞቺ" ብላ አንድ ፊልም ከፍታ አስቀመጠችኝ። አንድ ግቢ ያደጉ ሁለት ልጆች ይዋደዳሉ፣ እሱ ካናዳ ይሄዳል፣ እሷ አሥር ዓመት ትጠብቀዋለች። መጠበቋን እንድናምን ነጭ ቀሚስ አልብሰው ቆቃ ሐይቅ ዳር አስቀምጠዋታል። እዚያ ጭቃ ላይ ነጭ ለብሶ የተቀመጠ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኛ አዳማዎች ቆቃ የምንሄደው ዓሣ ልንበላ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ፀጉሯ አንድ ቀን አልተበላሸም። "መቼ ነው የምታገቢው?" እያለ የሚነዘንዛት ዘመድ የለም። ሥራዋ መጠበቅ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ እንዴት አይመጣም!

እህቴ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ "አንቺ ግን ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ?" አለችኝ።

እሷ ያኔ ሕፃን ስለነበረች አታውቅም። የእኔውም ሰውዬ ግቢያችን ውስጥ ነው ያደገው፤ የሄደውም እዚያው ካናዳ ነው። ግን እንደ ፊልሙ ዝናብ ውስጥ ተቃቅፈን አልተለያየንም። የሄደው በወረቀት ጋብቻ ነው። ቤተሰቦቹ ካናዳ የምትኖር አንዲት ልጅ አገኙለት፤ አግብታ ትወስደዋለች፣ ከዚያ ይፋታሉ። ኤምባሲው የሚያምነው ደግሞ የሠርግ ፎቶ ሲያይ ነው። ስለዚህ ቬሎ ተከራዩ፣ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ድንኳን ተከሉ፣ ኬክ አዘዙ። የሙሽራዋ ሚዜ ግን ጎደለች። ማን ትሙላ? እኔ።

"ወረቀት ብቻ ነው እኮ። ሁለት ዓመት ታገሺኝ፣ ፈትቻት እወስድሻለሁ" አለኝ። አመንኩት። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሞኝነቴን ፍቅር እለው ነበር።

ወረቀቷ እስከ ዛሬ ሦስት ልጆች ወልዳለታለች። በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ ፎቷቸውን ይለጥፋል። አይነደኝም ብል ውሸት ነው። እሱን እንቀዋለሁ፤ ከእሱ ይልቅ የምንቃት ግን ያችን የውሰት ሐምራዊ ቀሚስ ለብሳ የቆመችውን ሚዜ ነው።

የዚያን ቀን ፎቶ አንሺው ሦስት አራት ጊዜ አነሳና ካሜራውን ዝቅ አደረገ። "ሙሽራው፣ ሙሽራዋን እይ እንጂ! ሚዜዋን እያየህ ማን ቪዛ ይሰጥሃል?" አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አሁንም ዓይኑን ከእኔ መንቀል አቃተው። ቪዛው እንዳይበላሽበት ፈራሁ። ከቆምኩበት ወጥቼ፣ አገጩን ይዤ፣ ፊቱን ወደ እሷ አዞርኩለት።