ሚስ ዶሮቲ የቀቡት ቢጫ

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቴ ለሰላጣ ብዬ የአቼቶ ጠርሙስ ስከፍት አምልጦኝ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው የመጥረጊያውን ጨርቅ በእጄ እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ሌላው ሰው አቼቶ ሲሸተው ምግብ ያምረው ይሆናል፤ እኔ ግን ሲኒማ ነው የሚታየኝ። አሮጌ ፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ ብዙ ዘመን ሲቀመጥ ልክ እንደዚህ ይሸታል። ይህንን ያወቅኩት በልጅነቴ፣ እዚሁ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ እንኖርበት በነበረው ቀይ የጡብ ሕንጻ፣ ከታች በሚኖሩት በሚስ ዶሮቲ ሳሎን ውስጥ ነው።

ከወሎ ወጥተን በሱዳን በኩል አሜሪካ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። አባቴ አርሊንግተን ካለው ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ እዚያው አካባቢ ሆቴል ታጸዳለች፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጀማል ከትምህርት ቤት ስንመለስ በር የሚከፍትልን ሰው የለም። አንድ ቀን ዝናብ ላይ ቆመን ያዩን ሚስ ዶሮቲ ጠርተው አስገቡን፤ ፎጣ ሰጡን፣ ሞቅ ያለ ወተት አጠጡን፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ የምንሄደው ወደሳቸው ሆነ፣ ቀስ በቀስም የሕንጻው ልጆች ሁሉ ተከተሉን። እንግሊዝኛ አንቺንና አንቱን አይለይም፤ እናቴ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «እትዬ ዶሮቲ» ብላ ስለሰየመቻቸው እኔም እስከ ዛሬ በአማርኛ ሳስባቸው ከአንቱ በቀር አፌ እሺ አይለኝም።

ረጅምና ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ትዳር ይዘው አያውቁም፣ ሹራባቸው የክርኑ ቦታ ሁልጊዜ የሳሳ ነው፣ ጣቶቻቸው ግን በዚያ ዕድሜያቸውም እንደ ወጣት ልጅ ጣት ቀጥ ያሉ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ገና ልጃገረድ ሳሉ፣ ለመንግሥት የጦርነት ካርቱን በሚሠራ ቤት ተቀጥረው ቀለም ይቀቡ ነበር። ወንዶቹ ይስላሉ፤ ሴቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቀው፣ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፈውን ስስ ፕላስቲክ ገልብጠው ከጀርባው ቀለም ይሞሉታል። ለእያንዳንዷ ትንሽ እንቅስቃሴ አንድ ፕላስቲክ ስለሚቀባ፣ «አንድ ወታደር እጁን አንስቶ ሰላምታ እስኪሰጥ ድረስ ጀርባዬ ይቆረጥ ነበር» ይሉን ነበር፣ እኛም የወታደሩን ሰላምታ ባየን ቁጥር የሳቸውን ጀርባ እናስብ ነበር።

ከዚያ ሥራ ያስቀሯቸው ፊልሞች ስለነበሯቸው ዝናባማ ቅዳሜዎች የሲኒማ ቀን ነበሩ። መጋረጃው ይዘጋል፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ይወጠራል፣ ቆርቆሮው ሲከፈት ያ የአቼቶ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ ፕሮጀክተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንቀጫቀጫል፤ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተዘርግተን የሚስ ዶሮቲን ፈንድሻ ከእናቴ ሳምቡሳ ጋር እያቀላቀልን እንበላለን። ካርቱኖቹ ሁሉ አንድ ነገር እንዲደረግ የሚያዝዙ ነበሩ፤ ምስጢር አታውራ፣ ለፈንጂ መሥሪያ ይፈለጋልና የመጥበሻ ቅባት አትጣል፣ ግብርህን በጊዜው ክፈል። እኛ የምንከፍለው ግብር ስላልነበረን ዝም ብለን እንስቅ ነበር። ከሁሉም የምንወደው አጎበር አልዘረጋም ብሎ የተኛውንና ቀሚስ የለበሰች የወባ ትንኝ በረጅም መርፌ የምታሳድደውን ሰነፍ ወታደር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ቀድማ የተመለሰች እናቴ በሩ ላይ ቆማ ይህንን አየች፤ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል እሷ ብቻ አልሳቀችም። ሱዳን በረሃ ወባ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለችና ወታደሩን ከልቧ ተቆጥታ «አንተ ልጅ፣ ምናለ አጎበሩን ብትዘረጋው!» አለችው፤ ምን እንዳለች ስተረጉምላቸው ሚስ ዶሮቲ ከደስታቸው ብዛት እናቴን አቀፏት። ከስንት ዓመት በኋላ ያ ፊልም የተሠራለትን ሥራ የሠራው እናቴ ላይ ነበር።

አባቴ ግን አይመጣም ነበር። እሱ ሸሽቶት የመጣው መንግሥት ሬዲዮውንም ግድግዳውንም በመፈክር የሞላ ስለነበር «መንግሥት ሊያስቀኝ ከደከመ ከኔ የሆነ ነገር ፈልጓል ማለት ነው» ይልና ፈገግ ብሎ የታክሲውን መስታወት መወልወሉን ይቀጥላል።

የልብ ጓደኛዬ ሊን ነበረች፤ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ቤተሰቦቿ ከቬትናም የመጡ፣ የኔ ዕድሜ። እንግሊዝኛችን እኩል ስለሚሰባበር እርስ በርስ ስናወራ ማንም አያርመንም። አባቷ ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር፤ ባገሩ ከአሜሪካኖች ጋር ሆኖ የተዋጋ ወታደር እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሚስ ዶሮቲ ከእህታቸው ቤት የመጣ፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ቆርቆሮ ከፈቱ። ከጦርነቱ ወዲህ አልከፈትኩትም፣ ምን እንዳለበት አብረን እናያለን ብለው እንደኛው ጓጉተው ነበር። ፊልሙ ሲጀምር መርከብ ታየ፣ ከዚያ የጃፓን ወታደሮች መጡ፤ ጥርሳቸው ከአፋቸው ወጥቶ የተንጠለጠለ፣ ዓይናቸው በቢላ የተሰነጠቀ የሚመስል፣ ፊታቸው እንደ ሎሚ ቢጫ። እየተደናቀፉ እላይ በላይ ሲወድቁ ሁላችንም ሳቅን፤ ሊንም ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነበር። ያኔ ኬቨን የሚባለው የጎረቤት ልጅ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀስሮ፣ ከዚያ ዞሮ «ሊን! አባትሽ መጣ!» አለ።

የሳቁ ዓይነት ሲቀየር ይታወቃል። ልጆቹ ዞረው እሷን ማየት ጀመሩ፤ ሊን አፏ ገና ለሳቅ እንደተከፈተ ቀረች፣ ከዚያ ተነሣችና የፈንድሻ ሳህኑን ላለመርገጥ ተጠንቅቃ ወጣች። ሚስ ዶሮቲ ፕሮጀክተሩን አጠፉ። ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ «ያንን ቢጫ የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አላውቅም። «እንዳይደርቅብኝ ቶሎ ቶሎ ነበር የምቀባው። ፊት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ልጆቹን ሁሉ ወደየቤታቸው ሰደዱና እኔን «ፋቲማ፣ ነይ አብረሽኝ ውጪ፣ ብቻዬን ከሆንኩ ላይከፍቱልኝ ይችላሉ» አሉኝ። ጉልበታቸው ያማቸው ስለነበር ደረጃውን የወጣነው እያረፍን ነው። በሩን የሊን አባት ከፈተ፤ እጁ ላይ ዱቄት ነበረበት። ሚስ ዶሮቲ ቁጭ በሉ ሲባሉ እምቢ ብለው እደጃፉ ላይ እንደቆሙ የሆነውን ነገር ምንም ሳያለሳልሱ ነገሩት፤ ፊልሙ ያለው እኔ ዘንድ ነው፣ ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ልጅህን ጋብዤ ያሳየኋትም እኔው ነኝ፤ ዛሬውኑ ቆሻሻ ላይ እጥለዋለሁ አሉት።

እሱም እስኪጨርሱ ሰማቸውና «አይጣሉት» አለ። «እኛ አገር የተዋጋነው ወገን እናንተን አሜሪካኖችን እንዴት አድርጎ ይስላችሁ እንደነበር እኔ አይቻለሁ። አፍንጫችሁ እዚህ ድረስ ነበር» ብሎ በዱቄታም እጁ ከፊቱ ላይ ክንድ የሚያህል አፍንጫ ዘረጋ። ሚስ ዶሮቲ ሊስቁ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እሱ ግን አልሳቀም፤ «እኔ ወታደር ስለነበርኩ ለምጄዋለሁ። ልጄ ግን ገና ዛሬ ማየቷ ነው» አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ስንወርድ ሚስ ዶሮቲ የደረጃውን ብረት አጥብቀው ይዘው ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢዘንብም ሲኒማ አልነበረም። ሊን ትምህርት ቤት ከኔ ጋር ትሄዳለች፣ ከኔ ጋር ትመለሳለች፣ የሚስ ዶሮቲ በር ላይ ስንደርስ ግን እርምጃዋን ታፈጥናለች። የበረዶው ወራት እንዲህ አለፈ።

በጸደይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሊን ከእናቷ ጋር የሕንጻው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወርዳ፣ እኔና ጀማልም አብረናት ሳለን ሚስ ዶሮቲ የቀለም ሣጥናቸውን ይዘው ገቡና ልብስ የሚታጠፍበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። «ሥራ ልጨርስ ነው የመጣሁት» አሉ። «በትክክል ያልቀባሁት ቀለም አለ፤ ክንድ የሚያበድረኝ ሰው እፈልጋለሁ።» መጀመሪያ እኔ ክንዴን ዘረጋሁ። የክንድሽ ቀለም ያለ ብዙ ቀይ አይሆንም ሲሉኝ ተናደድኩ፤ እኔ ቸኮሌት መሆን ነበር የምፈልገው። ጀማል ቆዳው ላይ አረንጓዴ ነገር ሲያገኙበት ደስታውን አልቻለውም። ልብስ ማድረቂያው ያጓራል፣ ክፍሉ በሳሙና ሽታ ሞቋል፣ ሊን ግድግዳውን ተደግፋ ታያለች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣችና ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሚስ ዶሮቲ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ። ቡኒ ጨመሩ፣ ትንሽ ሮዝ፣ ነጭ፤ ከክንዷ ጎን አስጠግተው አዩት፣ ጠረጉት፣ እንደገና ጀመሩ። ወደ ቢጫው ብልቃጥ አንዴም አልሄዱም። ሊን አጎንብሳ ቀለሙንና ክንዷን ስታስተያይ ቆየችና «ትንሽ ቢጫ ይጨምሩበት» አለች።

የሚስ ዶሮቲ ብሩሽ አየር ላይ ቆመ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እዚህ ጋ ብቻ» አለች ሊን፣ የእጇን አንጓ ገልብጣ ውስጡን እያሳየች።

የዚያን ቀን ሚስ ዶሮቲ በዚያ ቀለም ሊንን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ሳሏት፤ ያንን ሥዕል ብዙ ጊዜ አየሁት፤ ጥቁር ፀጉር፣ አንድ የወለቀ ጥርስ፣ ስም ሊሰጡት የሚያስቸግር ቀለም።

ሚስ ዶሮቲ ደረጃ ሲከብዳቸው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ የአረጋውያን ቤት ገቡ፤ እኔና ሊን በባቡር እየመጣን እንጠይቃቸው ነበር፣ ኮሌጅ ሳለን አረፉ። ሊን ዛሬ ቴክሳስ ናት፤ ለኢድ እሷ ኮል ታደርግልኛለች፣ ለነሱ አዲስ ዓመት እኔ አደርግላታለሁ፣ ልጆቻችን ግን አይተዋወቁም። ቀዩ ሕንጻ ፈርሶ የመስታወት ሕንጻ ተሠርቶበታል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ማጠቢያ አለው አሉ፣ እና ማንም ከማንም ጋር የልብስ ማድረቂያ ሲጠብቅ አይውልም።

በቅርቡ ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድሞ እየሳቀ ስልኩን አቀበለኝ። ባገራችን ስላለው ጦርነት የተሠራ ካርቱን ነበር፤ የአንደኛው ወገን ሰዎች የጅብ አፍ ተሰጥቷቸው እየተደናቀፉ እላይ በላይ ይወድቃሉ። በደንብ የተሠራ ነው፤ ቀለሙ ያምራል።

«ማን ነው የሠራው?» አልኩት።

«አይ ዶንት ኖው፣ ማሚ። ኖባዲ ኖውስ። ዝም ብሎ ፎርዋርድ እየተደረገ ነው።»

ስልኩን መልሼ ሰጠሁት። በሚያማቸው ጉልበት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው፣ በር አንኳኩተው፣ የቀባሁት እኔ ነኝ ያሉ ሴት እንደነበሩ ከየት ጀምሬ እንደምነግረው ሳስብ፣ እሱ ቀጣዩን ከፍቶ ይስቅ ነበር።