ኮድዎን ለማንም አይስጡ

ሥራዬ ምን እንደሆነ አክስቴን ብትጠይቋት «ስልክ ላይ ክፉ ነገር እንዳይሠራ ወረቀት ትጽፋለች» ትላችሁ ነበር። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም የለኝም። ጅዳ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ፖሊሲ አጠናለሁ፣ አስተምራለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ጉዳይ በስልክ መልእክት የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ ነው፤ ባንኩም የመንግሥት ቢሮውም ሰውየው ራሱ ሰውየው መሆኑን የሚያውቅበት ያ ቁጥር። በጻፍኩት ጥናት፣ በሰጠሁት ሥልጠና፣ ፎቶዬ በተለጠፈበት ፖስተር ሁሉ መደምደሚያዬ አንድ ነው፦ ኮድዎን ለማንም አይስጡ።

የራሴ ኮድ ግን የሚመጣው መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነበር።

አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ከወሎ መጥታ ዛሂር ከኖረችበት ዘመን ብዛት የተነሳ ሰዉ ሁሉ «ኻላ» ነው የሚላት፤ በዐረብኛ አክስት ማለት ነው። የአገራችን ልጆች ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ውስጥ ተጠጋግተው ተከራይተው የቀን ሥራ ይሠራሉ። ስልካቸው ይሰረቃል፣ ይረገጣል፣ ከፎቅ ይወድቃል። አንዱ በያጅ ፔትሮሚን በሚባለው የጋራዥ ሰፈር ስልኩን የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ጣለው። ከሲሙ ጋር ባንኩም ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱም፣ ተቆለፈበትና እሱ ራሱ እሱ መሆኑን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከረመ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሁለት ሲም ያዘ። የወሬ ሲሙ ኪሱ ውስጥ፣ ባንኩና መንግሥት ኮድ የሚልኩበት የወረቀት ሲሙ አክስቴ ዘንድ።

እሷም ሲሞቹን ቁልፍ ባላቸው አሮጌ ስልኮች ውስጥ እየከተተች በቴምር ካርቶን ደረደረቻቸው። እንዳይምታቱባት እያንዳንዱን በክር አሰረችው። ቀዩ የበያጁ፣ አረንጓዴው የሾፌሩ፣ ቢጫው ሚስቱን የፈታው ልጅ ስልክ ነው። እኔ ሁለት ስልክ ታክሲ ውስጥ ረስቼ ስለወረድኩ የእኔንም ሳታማክረኝ ወስዳ ወይን ጠጅ ክር አሰረችለት። ጅዳ ያለው ሰው ገንዘብ ሊልክ ሲል መካ ያለው ካርቶን ይንጫጫል፤ ይደውልላታል፣ ታነብለታለች። ሶላት ላይ ከሆነች ጅዳ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከተቀየመች ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቢጫውን ልጅ እናቱ ጋ አልደወለም ብላ ኮድ ከለከለችው፤ እናቱ ራሳቸው ደውለው «ኸላስ፣ በቃ፣ ደውሎልኛል» እስኪሉ ድረስ ባንኩ ተዘግቶበት ሰነበተ።

እንደ ባለሙያ ይህ ነገር ያንገፈግፈኝ ነበር። ስቆጣት «ሰው የራሱን ዕቃ ይጥላል፤ አደራ ሲሆን ግን ይጠነቀቃል» ትለኛለች። በዚሁ እምነቷ የራሷን የወረቀት ሲም እኔ ዘንድ አስቀምጣለች። ነጭ ክር የታሰረበት ስልክ ነው፤ ከቦርሳዬ ውስጠኛ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። የሚገርመው፣ እሱን ጥዬው አላውቅም።

አንድ ቀን ጅዳ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ንግግር እንዳደርግ ተጋበዝኩ። ርዕሱ ያው የተለመደው ነው። መድረክ ላይ ወጥቼ የማሳያ ገጾቼን ልከፍት ስል ኮምፒውተሩ ኮድ ጠየቀኝ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያየኛል። ከመድረኩ ጥግ ሆኜ አክስቴ ጋ ደወልኩ፤ ድምፅ ማጉያው ከልብሴ ላይ መሰካቱን ግን ዘንግቼዋለሁ።

«የኔ ልጅ፣ ምሳ በልተሻል?» አለች። አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

«ኻላ፣ ኮዱን ንገሪኝ፣ ቸኩያለሁ።»

«መጀመሪያ መልሺልኝ!»

«በልቻለሁ» አልኩ። አልበላሁም ነበር።

እሷም ጎላ አድርጋ፣ ቁጥር በቁጥር፣ በጠራ ዐረብኛ አነበበችው። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንድ ሰው እንዲያውም ጻፉት። ከዚያ በስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ወጣ፦ ኮድዎን ለማንም አይስጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሆን ብዬ ያዘጋጀሁት ትዕይንት መስሏቸው ነው። ጋባዦቼ እንዲህ ያለ ሕያው ማስተማሪያ አይተን አናውቅም ብለው ለሌላ ሦስት ከተማ ጋበዙኝ፤ «አክስቲቱም ይጨመሩ» የሚል ማሳሰቢያ ነበረው። የሙያ ዕድገቴ ከዚያ ቀን ይጀምራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ከወሎ ወሬ መጣ። የአክስቴ ታላቅ እህት አልጋ ላይ ውላለች፤ የምትጠራውም የአክስቴን ስም ነው። አክስቴ «እሄዳለሁ» አለች። ወሬው ሳይመሽ ኑዝላ ገባ።

ጁምዓ ዕለት የካርቶኑ ባለቤቶች በአንድ ሚኒባስ ታጭቀው መጡ። እኔም ለስንብት ዛሂር ነበርኩ። ሳሎኑ ሞላ።

«ኻላ» አለ በያጁ፣ «አንቱ ከሄዱ እኛ ማን ነን?»

ጥያቄው ቃል በቃል ትክክል ስለነበር ማንም አልሳቀም። አንዱ ካርቶኑን ይዘውት ይሂዱ አለ፤ እህቷ መንደር ኔትወርክ እንደሌለ ተነገረው። ሾፌሩ በትሕትና «ኢቃማዬ እስኪታደስ እህትዎ ትንሽ ቢታገሡን» አለ። ባለቢጫው ደግሞ ካርቶኑን ለምሁሯ ይስጧት ሲል ሁሉም ወደ እኔ ዞረና፣ የጠፉትን ስልኮቼን አስታውሶ ነው መሰል፣ የዚያን ጊዜ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ።

አክስቴ ሳቁ እስኪያልቅ ታገሠች። «ያ ጀማዐ፣ እህቴ እኮ ናት» ብላ ስልኳን አወጣችና ከአገር የመውጫና የመመለሻ ፈቃዷን የሚጠይቀውን ቁልፍ ነካች።

ቦርሳዬ ውስጥ ባለነጩ ክር ስልክ ጮኸ።

ሁሉም ወደ ቦርሳዬ ዞረ። የእሷ ኮድ የት እንደሚኖር እስከዚያች ቅጽበት ማንም አያውቅም ነበር። አክስቴ እጇን ዘረጋችልኝ።

«አትስጪ!» አለ በያጁ ከተቀመጠበት ተነሥቶ።

«ኮድሽን ለማንም አትስጪ!» አለ ሾፌሩ። «ወላሂ ራስሽ ነሽ ያልሽው!» አንዱማ ፖስተሩን ከስልኩ ላይ ፈልጎ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው፤ እኔው ፈገግ ብዬ ጣቴን ቀስሬያለሁ። ስንት ዓመት ስለፈልፍ የሰማኝ ሰው አልነበረም። በዚያ ጁምዓ አንድ ሳሎን ሙሉ ሰው ምክሬን በቃሉ ይዞ ጮኸብኝ።

እኔም እንድትሄድ አልፈለግሁም። ከኑዝላ ልጆች ይልቅ እኔ ነበርኩ ያልፈለግሁት። በዚህ አገር ከእሷ ሌላ የኔ የምለው ሰው የለኝም። ስልኩን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀረሁ።

«አደራዬን» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

አነበብኩላት።

ካርቶኑ በስተመጨረሻ ለእኔው ደረሰ። ቢሮዬ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጧል። የመረጃ ጥበቃ ስብሰባ ላይ ሳለሁ ከተንጫጫ ይቅርታ ጠይቄ እወጣና ለበያጁ ኮዱን አነብለታለሁ። ሳላስበው «ምሳ በልተሃል?» ስል ራሴን ሰምቼዋለሁ።

የአክስቴ እህት በሕይወት አለች። አክስቴ ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ለመደወል ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ትወጣለች። ባለፈው ሰሞን የመመለሻ ፈቃዷ ሊያበቃ መሆኑን፣ ካልታደሰም ተመልሳ መግባት እንደማትችል የሚያሳስብ መልእክት በነጩ ስልክ ገባ። በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውል እያወራኋት የማደሻውን ገጽ ከፈትኩ። ኮዱ ወዲያው መጣ። ማስገባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ላድስልሽ?» አልኳት። «ኮዱ እጄ ላይ ነው።»



«ምሳ በልተሻል?» አለች በኮረብታው ነፋስ መሃል።

«በልቻለሁ።»

«እሷን ትቼ አልመጣም፣ የኔ ልጅ። ኮዱን ለማንም አትስጪ» አለች። «ነገ ሆዴ ባብቶ ብለምንሽ፣ ለእኔም ቢሆን።»

ኮዱ ጊዜው እስኪያልፍበት ድረስ ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነጩን ክር አጥብቄ አስሬ ወደ ቦርሳዬ መለስኩትና ምሳ ልበላ ወጣሁ።