የልጄ እግር፣ ከሸጎሌ ሐኪም ቤት ደርሶ መልስ

ንጋት፣ ሸጎሌ

ሳይነጋ ወጣን። እንቅልፍስ መች ወሰደኝ! ልጄ ምሕረት መኪና ገጭቷት ግራ እግሯን ከጉልበቷ በላይ አጥታለች። ባለፈው ዓመት ውጭ አገር የጭኗ አጥንት ውስጥ ብረት ተከሉላት። የብረቱ ጫፍ በቆዳዋ በኩል ወጥቶ ይታያል፤ ሰው ሠራሹ እግር እሱ ላይ ይቆለፋል። ሰሞኑን ብረቱ የሚወጣበት ቆዳ ቀላ፣ ፈሳሽም ጀመረው። ቁስሉ ወደ አጥንት ከዘለቀ ብረቱ ይነቀላል ብለውናል። ከተነቀለ በቃ፣ ዕድሜ ልኳን ክራንች።

"ቀስ በይ፣ ድንጋይ አለ።"

"አየሁት እማ።"

"ብታይውም ቀስ በይ።"

ታክሲ ተራው ላይ ሰልፉ እስከ በግ ገበያው ደርሷል። አንድ ነጋዴ በጎቹን ጣሪያ ላይ ልጫን እያለ ከረዳቱ ጋር ይሟገታል፤ እኛ ብርድ ላይ ቆመናል። በስንት መከራ ገባን።

"ማዘር፣ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል!" ይላል ረዳቱ።

"የት? እግሯ ላይ ልታስቀምጠው ነው?"

"አይቆጡ ማዘር፣ እኛ እናዝላታለን።"

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ረፋድ፣ ሐኪም ቤት

ከካርድ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላኩን፤ ከሦስተኛ ፎቅ ካርድ ክፍል መለሱን። ሊፍቱ ተበላሽቷል። የእግር በሽተኛ በደረጃ!

ዶክተሩ ፋሻውን ፈታ።

"ዶክተር፣ ይሄ ቀዳዳ መቼ ነው የሚዘጋው?" አልኩት።

"አይዘጋም እናት። ብረቱ እስካለ ክፍት ነው። በየቀኑ ታጥቦ መድረቅ ብቻ ነው ያለበት።"

ካልተዘጋ ምኑን ዳነ ታዲያ? እሱ ግን ወደ ምሕረት ዞሯል።

"ወድቀሻል?"

"አልወደቅኩም።"

"ሮጠሻል?"

"ኧረ!"

"ከባድ ዕቃ ተሸክመሻል?"

"ምንም።"

አላስቻለኝም። "ዶክተር፣ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ናት። ሲዘምሩ ይዘላሉ። እሷም ትዘላለች።"

"በዚህ እግር?"

"በዚሁ! ሁለት እግር ካላቸው እኩል።"

"እማ!" አለች ዓይኗን አፍጥጣ። "ጌታ ከአልጋ አንሥቶኝ ዝም ብዬ ልቁም?"

ዶክተሩ ሳቁን ዋጥ አደረገ። በዘለለች ቁጥር ቆዳው ብረቱ ላይ እየተጎተተ እንደቆሰለ ነገራት። ራጅ ተነሣች፤ ውጤቱ እስኪመጣ አግዳሚው ላይ አንዴ ተቀመጥኩ፣ አንዴ ተነሣሁ። አጥንቱ ደህና ነው። መድኃኒት አዘዘላት፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ግን ሰው ሠራሹ እግር ይውለቅ፣ ዝላይም የለም። አሁንም ከዘለለች ብረቱን አላተርፈውም አለ።

ከሰዓት፣ የመልስ ታክሲ

እሷ ከሐኪም ቤቱ በሰጧት ክራንች፣ እኔ እግሩን በነጠላ ጠቅልዬ ታቅፌ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ "ሕፃን ለያዘች ተነሡ እንጂ!" ብለው ሁለት ጎረምሶች አስነሡልን።

"ወንድ ነው ሴት?" አሉኝ ነጠላውን እያዩ።

"ግራ ነው፣ እማማ" አለች ምሕረት።

እንዲህ ናት። እኔ እዚህ ልቤ ይወልቃል፣ እሷ ትቀልዳለች።

አመሻሽ፣ ቤተ ክርስቲያን

ቤት ሳንደርስ "ልምምድ አለኝ" አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። "ቁጭ ብዬ ነው የምዘምረው" አለች። ወንበር ሰጧት፤ እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ደህና ነበረች። ኪቦርዱ ሲፈጥን ሌሎቹ መዝለል ጀመሩ። እጇን ዘረጋችልኝ።

"እማ፣ እግሬን አቀብዪኝ። ለዚህች መዝሙር ብቻ።"

"አላቀብልም!"

"በጌታ!"

"በጌታም አላቀብልም!"

ኳየሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እግሩን ታቅፌ ወደ ግቢው ወጣሁ። ከውስጥ ድምፅዋ ከሁሉም በልጦ ይሰማል፤ ተናዳ ነው የምትዘምረው። ትናደድ።