ያልጻፍኩት የቅዳሜ ሥራ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

መቐለ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ከመጽሐፍ ለቅሜ ነው የያዝኩት። ልጄን ለምለምን ግን እኔ አስተማርኳት፤ እዚያው ፋብሪካ በሙከራ ተቀጠረች። አንድ ሕግ ነበረኝ፦ የፋብሪካውን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የነካ ሰው ያደረገውን ደብተር ላይ ጽፎ ይፈርማል። የማይጽፍ ሰው ውሸታም ነው እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ የሰርቨሩን ከርነል፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ፕሮግራም፣ አደስኩ። ቸኩዬ ነበር፤ አልጻፍኩም። አጥፍቼም አላስነሳሁትም፤ ስለዚህ ለውጡ ሳይታይ ቆየ። ሰኞ ለምለም የላላ የኔትወርክ ገመድ ቀየረች፤ ጻፈች፤ ፈረመች። ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ በአዲሱ ከርነል ተነሳ። በውስጡ እንደየራሳቸው ኮምፒውተር ሆነው የሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች ሁሉ ኔትወርክ አጡ። የጭነት ወረቀት ማውጣት ስላልተቻለ የተሰፋው ልብስ ሳይጫን ዋለ።

ሥራ አስኪያጁ ፊት ደብተሩን ገለጥኩ። የመጨረሻው ፊርማ የእሷ ነበር።

«አቦይ፣ እኔ እኮ ገመዱን ብቻ ነው የቀየርኩት» አለች፤ አባቴ ማለቷ ነው።

«እዚህ አቦይ የሚባል የለም» አልኳት።

በዚያው ቀን ተሰናበተች። ለልጁ እንኳ የማያዳላ ሰው ብለው አመሰገኑኝ፤ ተቀበልኩ።

በማግስቱ ነገሩን ደረስኩበት። አዲሱ ከርነል የኔትወርክ ካርዱን በሌላ ስም ይጠራዋል፤ የቨርቹዋል ማሽኖቹ ፋይል ግን በአሮጌው ስም ይፈልገዋል። አንድ ቃል አረምኩ፤ ሁሉም ተመለሰ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አወቅኩ፤ ዝም አልኩ። አፍሬ ነው? ወይስ ምስጋናው ጥሞኝ? ሁለቱም ነው።

ለምለም አሁን ሓድነት ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። በቀደም ስልኬ እምቢ ብሎኝ እዪልኝ ብላት እጇን ወደ ኋላ ደብቃ ሳቀች። «ይቅርብኝ አቦይ፤ እኔ የነካሁት ይበላሻል።»

ቀልድ ነው? አይደለም፤ አምናዋለች። ያሳመንኳት እኔ ነኝ። እውነቱን ጽፋ የፈረመችን ልጅ በገዛ ፊርማዋ የቀጣሁ እኔ ነኝ።

ዛሬ ቤት ያስቀመጥኩትን የያኔውን ደብተር አወጣሁ። ከሰኞ ጽሑፏ በላይ ባዶ መስመር የለም፤ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ «ቅዳሜ ከርነሉን ያደስኩት እኔ ነኝ።» ፈረምኩ። እሁድ ስትመጣ እሰጣታለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም። አውቃታለሁ፣ ይቅር ለማለት ትቸኩላለች። መጀመሪያ ታንብበው።