የሐጂት ሻንሲ ክፍፍል

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ፣ አስፋልቱ ዳር ካለ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ገብቼ "ዝገት የሚከላከል ቀለም አለህ?" ብዬ ብጠይቅ፣ ሻጩ ባንኮኒው ላይ ቆርቆሮ መደርደር ጀመረ። ቀዩ፣ ግራጫው፣ ጥቁሩ፤ አንዱ ዝገቱ ላይ እንዳለ የሚቀባ፣ አንዱ ብረቱ እንደ ጥርስ እስኪነጣ ካልተፋቀ አልይዝም የሚል፣ አንዱ እንደ ሽቶ ፉፉ የሚደረግ።

"ለምን የሚሆን ነው፣ ጋሼ?"

"ለአሮጌ ጂፕ ሻንሲ።" ሻንሲ ማለት መኪናዋን ሙሉ ተሸክሞ ከስር የተዘረጋው ብረት ነው፤ የመኪና አጥንት በሉት።

"ታዲያ የቱን ልስጥዎት?"

ሳቄ መጣ። ባንኮኒውን ይዤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ልጁ ደንግጦ "አብሽር ጋሼ" ብሎ ወንበር አቀረበልኝ። "በዚህች ጥያቄ የተነሳ ሚስት ሳላገባ ልቀር ነበር" አልኩት። ያላመነኝ መሰለኝ። እናንተ ግን እመኑኝ፤ እኔ ከማወራው ግማሹ እውነት ነው፤ ይኼኛው ከዚያ ግማሽ ውስጥ ነው።

ጂፒቱ የአያቴ የሐጂ ይመር ነበረች፤ ስሟም ሐጂት። መካ ደርሳ አይደለም። አያቴ ለሐጅ ሲነሱ በባቲ በኩል አድርጋ እስከ ወደቡ ያደረሰቻቸው እሷ ስለሆነች አገሩ ማዕረጉን ለሁለቱም አካፈላቸው። ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋን ከአፋር ጨው ስታመላልስ ኖረች፤ እሷ ጨውን ተሸከመች፣ ጨው ደግሞ እሷን በላት። አያቴ ሲሞቱ ለሦስቱ ወንዶች ልጆቻቸው በጋራ ቀረችና ግቢያችን ካለው ዋንዛ ስር ቆመች። ሞተሯ ውስጥ ዶሮ ትፈለፍል ነበር። ሻንሲዋማ ከመዛጉ የተነሳ አጠገቧ ያስነጠሰ ሰው ቀይ ሆኖ ይመለሳል።

እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነኝ። ጨፋ ሮቢት የምትኖር ዘይነባ የምትባል ልጅ ወድጄ እህል አልወርድ ብሎኛል። (ይህ ማጋነን ነው፤ የበቆሎ እሸት ይወርድ ነበር።) አባቷ አባ ጀማል የአያቴ ወዳጅ ነበሩ። ሽማግሌ ብንልክባቸው እንዲህ ብለው መለሱ፦

"የሐጂ ይመር ሐጂት ተነስታ ደጄ ላይ ከቆመች ልጄን ይዛ ትሂድ። እኔም በወጣትነቴ ጨው ላይ ተቀምጬ ሄጄባታለሁ። ካልተነሳች ግን ባለ ኢሱዙውም ሽማግሌ ልኳል። የሱ መኪና ቁልፍ ሲያዞሩት ይነሳል።"

ቀጠሮው ለጥር ሆነ። ከኮምቦልቻ የመጣ መካኒክ ሞተሩን ከዶሮዎቹ አስለቀቀ፤ ሻንሲውንም በተበሳበት ሁሉ በየደ። ሊሄድ ዕቃውን ሲሰበስብ "ይኼን ብረት አሁኑኑ ዝገት መከላከያ ቀቡት፤ አለዚያ የበየድኩትም ይበላል፣ መንገድ ላይ ለሁለት ትሰበራለች። በምን እንደምትቀቡት ተስማሙ" አለ። ሰውየው እንግዳ ስለሆነ ነው እንጂ "ተስማሙ" የሚባል ቃል በአባቴና በወንድሞቹ ፊት አይነሳም።

"አንቲረስት ነው የሚቀባው!" አለ አባቴ፣ ታላቅየው። "የቦርከና ድልድይ በምን ቆመ? በቀይ ቀለም!"

"ድልድይ ይነዳል እንዴ ጋሼ?" አለ አጎቴ ሁሴን። እሱ ወጣትነቱን መንገድ ሥራ ላይ ያሳለፈ ስለሆነ ሬንጅ የማይፈታው ችግር የለም ብሎ ያምናል። ጀሪካኑ ሲያፈስ በሬንጅ፣ የጫማው ሶል ሲለቅ በሬንጅ። "ሬንጅ ደፍታችሁበት እርሱት። ውኃ ማለፊያ ያጣል።"

ታናሽየው አጎቴ አደም ሰንበቴ ገበያ በግና ፍየል የሚነግድ ነው። "ሁለታችሁም ብረት አታውቁም" አለ። "የአፋር ሰው ጊሌውን፣ ያን የወገቡን ጩቤ፣ በምን ነው የሚቀባው? በቅባት! ዝጎ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የበግ ላት አቅልጦ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ደባልቆ መለቅለቅ ነው፣ ወላሂ!"

ወንድማማቾቹ ተኮራረፉ። ሐጂት ራቁቷን ቆማ ጥር እየደረሰ ነው። እኔ በየተራ ቤታቸው እየሄድኩ ብለምን ሁሉም የራሱን ቆርቆሮ እያሳየ መለሰኝ። በመጨረሻ ነገሩ እንደ ማንኛውም የቤተሰብ ጸብ ሸህ ኑርዬ ዘንድ ቀረበ። ጫት ተያዘ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሦስቱም ተናገሩ። ሸሁ ጠየቁ፦

"ንብረቱ የጋራ ነው?"

"የጋራ ነው።"

"ወንድማማች በንብረት ሲጣላ ምን ይደረጋል?"

"ይካፈላል።"

"እንግዲህ ተካፈሉ። ፊቱ የታላቅ፣ መሐሉ የመካከለኛ፣ ኋላው የታናሽ። ሁሉም በድርሻው ላይ የወደደውን ይቀባ።"

"አሚን!" አለ ቤቱ በሙሉ። ይህ ብረት እንጂ እርሻ አይደለም ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እኔ ልል ነበር፤ ግን ሙሽራ አፍ የለውም።

በማግስቱ በጠመኔ ወሰን ተሰመረ። ሦስቱም ከመኪናዋ ስር በጀርባቸው ተኝተው በየርስታቸው ላይ መቀባት ያዙ። ብዙም ሳይቆይ ከስር ጩኸት ተሰማ።

"ጋሼ! ድንበር ገፋህ!"

"ብሩሹ ሾልኮ ነው፣ ሁሴን።"

"መሬትም ሲገፋ ማረሻው ሾልኮ ነው ይባላል!"

በሠርጌ ቀን ሐጂት በጭስና በእልልታ ተነሳች። ጨፋ በጥር ደስ ይላል፤ ማሽላው ታጭዶ ተከምሯል፣ ሣሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው፣ የአፋር ግመሎች ወርደው ይግጣሉ። እኔ የምመለከተው ሣር አልነበረም። መንገዱ እንደተጋመሰ ፀሐዩና የሞተሩ ሙቀት ተባብረው ሬንጁን አቀለጡት፤ ከኋላችን አስፋልቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እየጻፍን ሄድን። አጎቴ ሁሴን "አየህ፣ መንገዱንም እየጠገነች ነው!" አለኝ። ቀጥሎ ጭሱን የሚያወጣው ማርሚታ ጋለ። ማርሚታው የሚያልፈው በአጎቴ አደም ድርሻ ስር ነው። ላቱ መጥበስ ጀመረ።

ሽታው እንዴት ያለ መሰላችሁ! የጠገበን ሰው ያስርባል። ከየመንደሩ ውሻ ወጣ። ከግመሎቹ መሐል ውሻ ወጣ። ከሸዋ እስከ አፋር ያለ ውሻ ሁሉ የተጠራ ይመስል ተሰልፎ ተከተለን። አባ ጀማል ደጅ ስንደርስ ከኛ ሚዜዎች ይልቅ የውሾቹ ሰልፍ ያምር ነበር።

የሙሽሪት ዘመዶች ከአጥሩ ላይ "ሙሽራው ሚዜ አላጣም! ወገኖቹን አስከትሎ መጣ!" እያሉ አውካኩብኝ። አባ ጀማል አዲስ ሽርጣቸውን ሰብስበው በከዘራ ውሻ እየመከቱ ቀረቡ። ጎንበስ ብለው ከስር አዩ። ፊቱ ቀይ፣ መሐሉ ጥቁር፣ ኋላው የሚጨስ።

"ኩን ማሊ?" አሉ በኦሮምኛ። ምንድን ነው ይኼ ማለታቸው ነው። አባ ጀማል ሲናደዱ ወደ ኦሮምኛ እንደሚሻገሩ ዘይነባ ነግራኛለች።

ሦስቱ ወንድማማቾች ባንድ ጊዜ ማስረዳት ጀመሩ፤ ድልድይ፣ ሬንጅ፣ ጊሌ። አባ ጀማል ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

"ሦስታችሁም አልቻላችሁም! ብረት የሚድነው በንብ ሰም ነው። ሟቹ ወዳጄ ይህን ያውቁ ነበር። የሐጂ ይመርን መኪና እንዲህ ላደረገ ቤት ልጄን አልሰጥም!"

ከአጥሩ ማዶ የኢሱዙ ሞተር ሲነሳ የሰማሁ መሰለኝ። አፍ የሌለው ሙሽራ ያን ጊዜ አፍ አወጣ።

"አባ ጀማል፣ የርስዎም ድርሻ እኮ አለ።"

"የኔ?"

"የኋለኛዋ አግዳሚ ብረት። ሸህ ኑርዬ ለርስዎ ብለው ነው ያስቀሯት።"

እንዲህ ያለ ነገር ከሸህ ኑርዬ አፍ አልወጣም። አግዳሚዋ ደግሞ የአጎቴ አደም ርስት መሐል ናት፤ ላቷን ጠግባ ታብረቀርቃለች። ሁላችንም አጎቴ አደምን አየን። እሱ አግዳሚዋን አየ፣ ወንድሞቹን አየ፣ እኔን አየ።

"አዎ" አለ። "የርስዎ ናት። እኔ በአደራ ነው የቀባኋት።"

ሰም ከቀፎ ቤት መጣ፣ ቀለጠ። አባ ጀማል በሠርግ ልብሳቸው ከስር ገብተው ተኙ፤ ላቱን በጨርቅ ጠርገው ሰማቸውን ቀቡ። ከዚያ ውስጥ ሆነው "ድንበሬ እስከዚህ ድረስ ነው?" ብለው ጠየቁ። አጎቴ አደም "ትንሽ ወደኔ ገፍተዋል፤ ግን አማች ነዎት፣ ይሁን" አላቸው። አባ ጀማል ሲወጡ ፊታቸው ጥላሸት፣ ጥርሳቸው ብርሃን ሆኖ "ልጅቷን አምጧት" አሉ። ዘይነባ ተሸፋፍና አጠገቤ ተቀመጠች። ከሚሴ እስክንደርስ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ሳባብላት ለካ ስትስቅ ኖሯል።

አሁን ልጃችን ሰሚራ ልትዳር ነው፤ ከሐጂት በቀር በምንም አልሄድም ብላናለች። ባለፈው ወር የመኪናዋን አካል አንስተን ሻንሲውን ብናየው የአባቴ ቀለም ረግፏል፤ የአጎቴ ሁሴን ሬንጅ ከላይ አምሮበት ከስሩ ብረቱን አስበልቷል። አላህ ይማራቸው፣ ሁለቱም ይህን አላዩም። የላቱ ክፍል አቧራ ጋግሮበት እንደ ዳቦ ቅርፊት ጠንክሯል፤ ሲፋቅ ብረቱ እንደ ትናንት ነው። የአባ ጀማል አግዳሚም እንደዚያው። ያዳናት ሰሙ ይሁን ከሰሙ ስር የቀረው ላት ጀሊሉ ይወቀው። አጎቴ አደም ግን አርጅቶም ቢሆን ሁለቱንም የኔ ነው ይላል።

ከመደብሩ ሆኜ ለዘይነባ ደወልኩ። "ቆርቆሮው በዛብኝ። የቱን ልግዛ?"

"ያቺን ሻንሲ ሁሉም ድርሻውን ቀብቷታል" አለች። "ባሌም በአፉ ቀብቷታል። ያልደረሰኝ እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ ልምረጥ።"

"ምረጪ።"

"ውሻ የማይልሰውን።"

ግራጫውን ገዛሁ። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ያለ ጠመኔ፣ አንድ ወጥ አድርገን ቀባናት። ከኋላዋ አግዳሚ ላይ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ሳልቀባ ትቻለሁ። ዘይነባ "ይኼ ረስተኸው ነው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሰሚራን የሚያገባው ልጅ አባት ባቲ ላይ ግመል የሚነግድ፣ ነገር የማያልፈው ሰው ነው አሉ። ለሠርጉ መጥቶ ጎንበስ ማለቱ አይቀርም። ያቺን ባዶ ቦታ አይቶ ስለ ዝገት ሊያስተምረኝ አፉን ሲከፍት፣ ብሩሹን አቀብለዋለሁ።